ለባለትዳር የተላከ ሽማግሌ

«እሷንማ ሰጥቻችኋለሁ፤ ነገ ጠዋት መጥታችሁ ውሰዷት» ብሎ ባሌ አያሌው ለሽማግሌዎቹ ሲናገር ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። «እሷ» የተባልኩት እኔ ነኝ፤ አስረሳሽ፤ አርባ አምስት ያለፈኝ፣ ልጅ አሳድጌ ለቁም ነገር ያበቃሁ፣ ቆቦ ውስጥ ያለ እኔ ከበሮ ሠርግ ሠርግ አይሆንም የምባል ሴት። እንደ ጊደር ተሰጠሁ። ያውም ለሁለተኛ ጊዜ።

ቁጣዬ እንዲገባችሁ ከጠዋቱ ልጀምር። ቆቦ በዚህ ወር እንዴት እንደምትፋጅ የሚያውቅ ያውቃታል፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የጣሪያው ቆርቆሮ ጧ ጧ ማለት ይጀምራል። በዚያ ሙቀት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ደርበው ደጃፋችሁ ላይ ከቆሙ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እርቅ ነው፣ ወይ ጋብቻ። እኛ ደግሞ የተጣላነው ሰው የለም። ባሌ የመስኖ ገበሬዎችን የውሃ ሞተር የሚጠግን ሰው ነው፤ ሳሎናችን ግማሹ የሰው፣ ግማሹ የሞተር ነው። በአንድ በኩል ሶፋና ቴሌቪዥን፣ በሌላው በኩል ከዋጃና ከሮቢት በባጃጅ ተጭነው የመጡ የተበላሹ ሞተሮች ተደርድረዋል። የናፍጣው ሽታ ከግድግዳው ቀለም ጋር ተዋህዷል፤ እኔም መነጫነጩን ከተውኩት ቆየሁ። አያሌው ሽማግሌዎቹን ሲያይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብድግ አለና በዓይኑ ወደ ጓዳ ጠቀሰኝ። ጥቅሻው ገባኝ። ጓዳ ውስጥ ሩት የምትባል፣ ከወልድያ ኮሌጅ ተመርቃ ሥራ የምትፈልግ፣ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች የቆየች ልጅ አለችን።

ገባሁና መጋረጃውን ሳብኩት። ሩት በስንጥቁ አጮልቃ አየችና ከሽማግሌዎቹ ኋላ አጥሩ ጋ የቆመውን ዮናስን ለየችው። ዮናስ የፎቶ ቤቱ ልጅ ነው፤ የከተማውን ሠርግ ሁሉ የሚቀርጸው እሱ ነው። «እማዬን! ዮናስንማ አላገባም!» አለች በሹክሹክታ። አላገባም እያለች ግን መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ታስተካክላለች። እኔም ደስ እያለኝ፣ ደግሞም ልጄን የሚወስድብኝ መጣ ብዬ እንባዬ ቀደመኝ። እናት ሞኝ ናት።

ከፊት የቆሙት ሼህ ኡበይድ ናቸው፤ እሳቸው የያዙት ጉዳይ ከሸፈ ሲባል ሰምተን አናውቅም። ከጎናቸው ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ አብርሃም፣ ቀጥሎ የዮናስ አጎት። «ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ እንደ ወጉ። ሼህ ኡበይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቢስሚላህ። አቶ አያሌው፣ የመጣነው ለደግ ነው። ልጃችን ዮናስ ከዚህ ቤት ሰው ፈልጓል። በራሱ አፍ መናገሩን እንደ ድፍረት ቆጥሮ እኛን ልኳል» አሉ። ባሌ ደረቱ ሲነፋ በስንጥቁ ታየኝ። ይቺን ቀን ለብቻው ስንት ጊዜ ተለማምዷት ይሆን! «እናንተን የመሰለ ሰው ደጄን ከረገጠ ምን እላለሁ» ብሎ ጀመረና «ግን እንደምታውቁት ዘመድ ማማከር አለብኝ፤ ልጅቷም ሥራ እስክትይዝ...» ሲል ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የቷ ልጅ?» አሉ ጋሽ አብርሃም።

«ሩት ናታ!»

«ኧረ ሩትን አይደለም» አሉ ሼህ ኡበይድ ረጋ ብለው። «ወይዘሮ አስረሳሽን ነው።»

ባሌ ቁጭ አለ። የተቀመጠው ግን ወንበር ላይ አልነበረም፤ ክዳኑ ተከፍቶ ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር ላይ ነው። ውጭ ባጃጅ አለፈች፣ ሌላም አለፈች። ሩት ትራሱን ነክሳ በሳቅ አልጋው ላይ ትንፈራፈር ጀመር።

ዮናስን ከአጥሩ ጠርተው አስገቡትና ላብ በላብ ሆኖ አስረዳ። ነገሩ የሙዚቃ ክሊፕ ነው። ሰላሁዲን የሚባል የኛው አገር ልጅ ልጇን ስለምትድር እናት ዘፈን አውጥቷል፤ አሳታሚ የለ፣ ስፖንሰር የለ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ከገዛ ኪሳቸው አውጥተው ሊቀርጹት ነው። ዮናስ ባለፈው ጥር የጎረቤታችን ሠርግ ላይ ከበሮ ስመታ ቀርጾኝ ኖሯል። «ሙሽሪትን ትቼ እሳቸውን ስቀርጽ ነው የዋልኩት፤ እናትየዋ እሳቸው ካልሆኑ ክሊፑም ይቅር» አለ። እንዲህ ሲል ልቤ እንዴት እንደዘለለ ያኔ ለማንም አልተናገርኩም። አምና ደግሞ ዮናስ ሌላ ክሊፕ ሠርቶ ነበር፤ አንዲት የዋጃ ልጅ ሙሽራ አድርጎ፣ በቃል ብቻ ተስማምተው። ክሊፑ ወጥቶ ሰው ማየት ሲጀምር ወንድሞቿ «ማን ፈቅዶልህ ነው?» ብለው መጡበትና ያን ሁሉ ልፋቱን ከዩቲዩብ አወረደው። ከዚያ ወዲህ ጠበቃ ጠየቀ፤ ጠበቃውም «ተዋናይ ያለ ውል ካሜራ ፊት አታቁም» አለው። «ታዲያ ውሉን ብቻ ይዤ ብመጣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ያመጣሁ እመስላለሁ፤ ያለ ውል ብመጣ ያምናው ይደገማል። ደግሞ ጋሼ፣ የሰው ሚስት መጠየቅ ከባድ ነው» አለ አንጀት በሚበላ ድምፅ። ስለዚህ ለሕጉ ወረቀት፣ ለወጉ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ለባለትዳር ሽማግሌ የላከ የመጀመሪያው የቆቦ ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ባሌ ደግ ሰው ነው፣ ሳቅም ይወዳል። አንዴ ሳቁ ካመለጠው በኋላ ሁሉም ተቀመጡ፤ ሩት ዓይኗን ጠርጋ ለስላሳ አቀረበች፤ ጋሽ አብርሃም መነጽራቸውን አጥልቀው ውሉን እንደ ክፍል ንባብ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡት ጀመር። «ከዚህ በኋላ ተዋናይት እየተባለች የምትጠራው» ሲሉ ሼህ ኡበይድ «ስሟ አስረሳሽ አይደል እንዴ? ስለምን ይቀየራል?» አሉ። የሕግ አጻጻፍ ነው ተብሎ ታለፈ። «ምስሏንና ድምጿን በማናቸውም መንገድ ለዘላለም» የሚለው ላይ ግን ሼህ ኡበይድ እጃቸውን አነሱ። «አስተግፊሩላህ! ዘላለም የአላህ ነው። ይሰረዝ።» ዮናስ ጠበቃው እንደዚህ ነው የጻፈው ቢል ማን ሰምቶት፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ዘላለም ወርዶ ወርዶ አሥር ዓመት ሆነ። «ቀረጻው እስኪጠናቀቅ ተዋናይት የፀጉር አሠራሯን መለወጥ አትችልም» ሲባል ባሌ «ይህቺንስ እኔም አስከብሬ አላውቅ» ብሎ አሳቃቸው። የቀን አበሉ ሁለት ሺህ ብር ነው፤ በዛሬ የዘይትና የጤፍ ዋጋ እንቢ የሚባል አይደለም፤ እሱን ራሱ ባሌ «ጨምር» ብሎ አስጨመረበት። ስለ ምሳዬ ተደራደሩ፣ ስለ ልብሴ ተደራደሩ፣ ስጨፍር እግሬ ቢወለም ማን እንደሚያሳክመኝ ሳይቀር ተደራደሩ። እኔ እዚያው መጋረጃው ሥር ነበርኩ። አንድ ሰው እንኳ ብቅ ብሎ «አስረሳሽ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላለም።

ከዚያ ነው «እሷንማ ሰጥቻችኋለሁ» ያለው። ብሎም አላበቃም፤ እስክሪብቶውን ተቀብሎ በስሜ ትይዩ ሊፈርም ጎንበስ አለ። ዮናስ፣ እግዜር ይስጠው፣ ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነው። «ጋሼ፣ የሚፈርሙት እርስዎ አይደሉም፤ እትዬ አስረሳሽ ናቸው። በገዛ ፈቃዴ ይላል። እሳቸው ካልፈረሙ ውል አይሆንም።» «ባሏ አይደለሁም እንዴ?» አለ አያሌው፤ ከልቡ ነበር የገረመው። የወጣሁት ያኔ ነው። መጋረጃውን በጨዋ ደንብ ገለጥ አድርጌ ልወጣ ነበር ሐሳቤ፤ እጄ ላይ ከነዘንጉ ወረደ።

«እኔ አልተስማማሁም» አልኳቸው።

የዮናስ ፊት አመድ መሰለ። ካሜራው ከደሴ በኪራይ የመጣ ነው፣ ነገ ማታ መመለስ አለበት፤ ሙሽራዋም፣ አጃቢውም፣ መኪናውም ለነገ ንጋት ተቀጥረዋል። «እትዬ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልጠብቅዎት። ከዚያ ካለፈ የሮቢቷን ሴትዮ ነው የምወስደው» አለኝ። የሮቢቷን ሴትዮ አውቃታለሁ። እሷ ከበሮ ስትመታ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው የሚመስለው። ሽማግሌዎቹ «እንግዲያው ለማምሻው እንመለሳለን» ብለው ተነሱ፤ ባሌ ከበር ሸኝቷቸው ሲመለስ ሰው ፊት ቃሉ የታጠፈበት ሰው መልክ ነበረው። አሳዘነኝ። ቢሆንም ዘንቢሌን አንስቼ ወጣሁ።

ደግነቱ የገበያ ቀን ነው፤ ቁጣ ያለበት ሰው ገበያ ይሂድ። ቀይ ሽንኩርቱ በየመንገዱ ዳር ተቆልሏል፣ ቲማቲሙ በፀሐይ ይለሰልሳል፣ ከአፋር በኩል የመጡ ግመሎች ሚኒባሶቹ ጡሩምባ ቢነፉባቸውም ንቅንቅ አይሉም። የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ጠይቄ ሻጩን ያለጥፋቱ ሰድቤው አለፍኩ። መጨረሻዬ ራዊያ ሱቅ ሆነ። ራዊያ ሽርጥና ሻሽ ትሸጣለች፣ የቅርብ ጎረቤቴ ናት፤ ሐዘኔንም ደስታዬንም ታውቃለች። ለካ እሷም ለአጃቢነት ተጠይቃ ጠዋቱኑ ፈርማለች። የሆነውን ሁሉ ስነግራት እስኪያስላት ሳቀችና ፊቴን አይታ ወንበር ሳበችልኝ።

«ባልሽ ፈቀደ፣ ብሩ ደህና ነው፣ አንቺም ፈልገሽዋል። ያ ረቢ፣ ሌላ ምን ቀረ?»

«እኔን መጠየቅ ቀረ።»

«ወረቀቱ ጠይቆሽ የለም እንዴ?»

«ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል? ወረቀቱን አላገባሁት!»

አዎ፣ ፈልጌው ነበር። እንዲያውም ፈልጌው ነበር ማለት ያንሳል። ከበሮ የያዝኩት ልጅ ሆኜ ሮቢት ነው። በነሐሴ የልጃገረዶቹ በዓል ሶለል ሲጨፈር ዘፈኑን የማወጣው እኔ ነበርኩ፤ ከኋላዬ የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ ይቀበለኛል፤ አቧራው ሲጨስ የሰማይ ወፍ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ በዚያው ዓመት፣ ሽማግሌ መጣ። ማሽላ ከሚቀመጥበት ጎተራ ጀርባ ተደብቄ አባቴ «ሰጥቻለሁ» ሲል ሰማሁ። በሚቀጥለው ሶለል ባለትዳር ነበርኩ፤ ባለትዳር ደግሞ ዳር ቆማ ታያለች እንጂ አታወጣም። ከዚያ ወዲህ ከበሮዬ የሌላ ሰው ሠርግ ላይ ብቻ ሆነ፤ እሱንም ድስት ካወጣሁ በኋላ። አሁን ሰላሁዲን የሚባል ልጅ ዘፈን ላይ፣ አገር የሚያየው ነገር ላይ፣ ፊት ለፊት ቆሜ ልመታ ነው። ስንት ሌሊት ሲሳልልኝ ያደረ ነገር ነው። ልለቀው ነው ወይስ እንደ ዕቃ ተሰጥቼ ልሂድ? ራዊያ ሱቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይኼንን ሳብሰለስል ዋልኩ።

ባሌን እጠላዋለሁ እንዳትሉ። እወደዋለሁ፤ ይኸው ተናገርኩ። ታይፎይድ ሲጥለኝ መኪና በጠፋበት በዚያ የመከራ ሰሞን ከመንገድ እስከ ጤና ጣቢያ በጀርባው አዝሎኛል። ሩት ስትወለድ ሴት ናት ብለው ዘመዶቹ ፊታቸውን ሲያጠቁሩ «እኔስ ሴት ነበር የለመንኩት» ብሎ አፋቸውን አስይዟል። ወጥ ጨው ቢበዛበት እንኳ ውሃ እየጠጣ ይጨርሳል እንጂ አይናገርም። ይኼ ሁሉ ግን ሌላ፣ መጠየቅ ሌላ። ራዊያም በመጨረሻ «እኔም እኮ ተጠይቄ አላውቅም፤ ከዮናስ በቀር» አለች ሻሹን እያጠፈች። ሁለታችንም ቀልድ መስሎን ሳቅን፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀብን።

ስመለስ አሥር ሰዓት አልፏል። ምሳው እንደተከደነ ነው፤ አልበላም። መጋረጃዬን መልሶ ሰቅሎታል፤ ዘንጉን በሞተር ሽቦ አስሮት ወደ አንድ ወገን ዘሟል። ሩት አጋጣሚ ይሁን ነገሩ ገብቷት እንጃ፣ ጓደኛዋ ቤት ሄዳለች። እሱ ጓሮ ፓፓያው ሥር ጠዋት የተቀመጠበትን ሞተር ብትንትኑን አውጥቶ ያጸዳል። ሱሪው ላይ የዘይቱ ክብ እንዳለ ነው፤ አልቀየረም። ኩርሲ ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ዘንቢሌ ባዶ ነበር፤ እሱም አየው። ብሎኑን ያዞራል፣ ያወጣል፣ በጨርቅ ያብሳል። ሌላ ብሎን ያነሳል።

«አባትሽ ቤት ሽማግሌ የላክሁ ዕለት» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል፣ «ያኔ እኔው ራሴ መጥቼ ብጠይቅሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

ልዋሸው እችል ነበር። ደክሞት ነበር፣ ርቦትም ነበር። «አልልህም ነበር» አልኩት። «አልቅሼ እንቢ እል ነበር። መዝፈን ነበር የምፈልገው።»

«አውቃለሁ» አለ። «በሶለል አይቼሽ ነበር። እንቢ እንደምትይ አውቄ ነው ያልጠየቅሁሽ።»

ያን ሁሉ ዘመን ያልጠየቀኝ መጠየቅ የሚባል ነገር ትዝ ሳይለው ቀርቶ ነው ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። ማወቁን ስሰማ ያንን ብሎን ነጥቄ አናቱ ላይ ልወረውርበት አማረኝ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ አያሌው ልጅ ሆኖ፣ ሽማግሌ ልኮ አጥር ሥር ሲጠብቅ ታየኝ፤ እንቢታዬን ፈርቶ። ሁለቱም ስሜት አንድ ላይ እንዴት እንደሚመጣ እኔ እንጃ፤ ግን መጣ። «ዛሬስ?» አልኩት። «ዛሬ እሺ እንደምል ታውቅ አልነበረም?» «ዛሬማ ልማድ ነው» አለ። ቆይቶም «ይቅር በይኝ» አለ። አያሌው ሞተሩ ለዘገየበት ገበሬ ካልሆነ በቀር ለማንም ይቅርታ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ይኼኔ «ቤቶች!» የሚል የሼህ ኡበይድ ድምፅ ከደጅ መጣ። ሰዓቱ ደርሷል። ባሌ ብድግ ብሎ ሰፈሩ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ «ቆዩ! ገና አልጠየቅኋትም!» ብሎ ጮኸ። ዮናስ በጭንቀት ሲያስል ይሰማል። አያሌው ቧንቧው ጋ ሄደና እጁን በዱቄት ሳሙና ፈተገ፣ አለቀለቀ፣ እንደገና ፈተገ፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁሩ መቼም አይለቅም። ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ። መጥቶ ፊቴ ቆመ። ፀጉሩ ከጎንና ጎኑ መሸበቱን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንዲህ ከታች ወደ ላይ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

«አስረሳሽ» አለ፤ ከዚያ እንደገና ጀመረ። «አስረሳሽ፣ ካሜራ ፊት ቆመሽ ከበሮ እንድትመቺላቸው ይፈልጋሉ። መልሱ ያንቺ ነው፤ እኔ ጋ የለም። እንቢ ካልሽም ወጥቼ እንቢ አለች እላቸዋለሁ፣ ማንም አይናገርሽም። ፈቃድሽ ነው ወይ?»

እሺ እንደምል እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ደጅ የቆሙትም ሳያውቁት አይቀሩም። ግን ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ወንድ አፌን እያየ፣ ከአፌ የሚወጣውን እየፈራ፣ ፊቴ እንዲህ ቆሞ አያውቅም። እንዴት እንደሚጣፍጥ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሼህ ኡበይድ ደጅ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዮናስ ስልኩ ጮኸበትና አጠፋው። አያሌው ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ አየዋለሁ፤ አልጠረገውም።

እሺ አልኩት። ቶሎ ግን አላልኩም።